ሦስት ምስክር፣ አንድ አፍ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 5፣ 1990። ጠዋት 3 ሰዓት

ምድጃ ተራ ይዣለሁ። አንድ ኩሽና፣ ሃያ ሁለት ሰው፣ አራት ምድጃ፣ ሁለቱ አይሠሩም። ከፊቴ አምስት ድስት አለ። ቆሜ ነው የምጽፍብሽ ደብተሬ፤ ጀርባሽ ማቀዝቀዣው ላይ ነው፣ ቻይው።

ቅዳሜ የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ከአስራ አንድ ተማሪ አንደኛ። ሁለቱ አቋርጠዋል፣ ሦስቱ ከሥራ መጥተው ይተኙበት ነበር፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። አስተማሪያችን ወ/ሮ ጽጌ፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ ፊደል ቆጥሮ እንዲህ የፈጠነ ሰው በአውሮፓ ምድር አላየሁም አሉ። «በአውሮፓ ምድር» የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ያልተጨመረበት ወሬ አልጫ ነው።

ቀኑን በፈረንጅ የምጽፈው ፍ/ቤቱ በፈረንጅ ስለሚቆጥር ነው። ቴርሚኔ፣ የችሎት ቀጠሮዬ፣ ኖቬምበር 29። ሃያ አራት ቀን ቀረ። ጥገኝነት ጠየቅሁ፤ ቢሮው ታሪክህን አላመንኩም ብሎ ጻፈ፤ ጠበቃዬ ከሰሰች። ዳኛው ካመነኝ እቀመጣለሁ። ካላመነኝ ወደ መጣሁበት፣ ከአፈሳ አመለጠ ተብዬ ወደምፈለግበት። እስከዚያው ሃይም በሚሉት በዚህ የጥገኞች ቤት ነኝ። ሥራ ክልክል። ከፍራንክፈርት ወሰን ማለፍ ክልክል። ኤስ-ባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ ዚንድሊንገን ደርሶ ከተማውን ሊለቅ ሲል እኔ እወርዳለሁ። እጄን አውለበልብለታለሁ። አንድ ቀን ሹፌሩ መልሶልኛል።

ታሪኬን ደግሞ እኔ ስናገረው ነው መስማት። የአፈሳው ቀን። የመንደሬ የጥድ ውሃ ድልድይ። ወታደሮች እኔንና ታናሽ ወንድሜን ድልድዩ መሃል ያዙን። አንዱን ክንዱ ላይ ነከስኩት። ወንድሜን ወሰዱት፣ እኔ ዘለልኩ። ወንዙ ሞልቷል። ጥይት በጆሮዬ ሥር አለፈ። ቢሮ ስናገር ወታደሮቹ አምስት ነበሩ። ለመስቀል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲሰማኝ፣ ሰባት ሆኑ። ሴቶቹ አለቀሱ። ከኦርቶዶክሶቹ ሽማግሌዎች ሦስቱ እዚያው ተነስተው እኛ እንመሰክርልሃለን አሉ። ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ተተረጎመ። የአገራችን ልጅ ነው፣ የደረሰበትን እናውቃለን ይላል። የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ቀባሪና ምስክር አይነሳም።

ድስቴ ደረሰ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 10። ከሰዓት

ሪደርቫልድ ሰፈር፣ ጋሽ መስፍን ቤት ውዬ መጣሁ። ስማቸው ረጅም ነው፣ እጄ ገና ነው፤ ከእንግዲህ ጋ.መ.። በንጉሡ ጊዜ ሒሳብ ሊማሩ መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። አሁን ዚንድሊንገን ኬሚካል ፋብሪካ መጋዘን፣ ሚዛን ላይ ይሠራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው የጠብ ቤት ነው። የሚጣሉት በታሪክ ብቻ ነው፤ በሌላው ይዋደዳሉ።

የዛሬው ጠብ የደጃዝማቹ ዋሻ። ከጻፉልኝ ሽማግሌዎች ዋናው አቶ ወልዴ ናቸው። በአባታቸው ዘመን አገራቸውን የገዛ ደጃዝማች ከእልፍኙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በመሬት ውስጥ ዋሻ ነበረው፣ በቅሎ ከነኮርቻዋ ታልፍበት ነበር አሉ። ሌሎቹ ሁለቱም እውነት ነው ብለው ማሉ። ጋ.መ. አላመኑም። አቶ ወልዴ ተቆጡ። ሦስት ሽማግሌ ከምትክድ ሄደህ በርሜልህን ብትመዝን ይሻልሃል አሏቸው።

ጋ.መ. ቆሎ እየቆረጠሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ከማን ሰማችሁ? አንደኛው ከመምህር ክንፉ። ሁለተኛው ከመምህር ክንፉ። አቶ ወልዴ ጥቂት አንገራገሩና እሳቸውም ከመምህር ክንፉ።

«እንግዲህ ሦስት ምስክር የለንም» አሉ ጋ.መ.። «አንድ መምህር ክንፉ አለን። ሦስት ቦታ ተቀምጦ ይናገራል።»

ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አቶ ወልዴ በዓይናቸው ቆረጡኝ።

ከዚያ ሁለት የሻይ ማስቀመጫ ሳህን መጣ። አንዱ «ሆኗል»፣ ሌላው «አልሆነም»። ለእያንዳንዱ ማስረጃ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ነገሩ ሆኖ ከሆነ ይህን ማስረጃ ከአስር ስንት ጊዜ አገኘው ነበር? ነገሩ ሳይሆን ቀርቶ ቢሆንስ፣ ከአስር ስንት ጊዜ? በዚያው ልክ ሽምብራ ይቀመጣል። ክብደቱ አንደኛው ከሌላው ስንት እጥፍ መሆኑ ነው። ለምሳሌ፣ ሰው ስለ ዋሻው ያወራል። ዋሻ ከነበረ ከአስር አስሩን ጊዜ ይወራል። ካልነበረም ከአስር ስምንቱን ጊዜ ይወራል፤ ዋሻ ያልተወራለት የመኳንንት ቤት የታለ? አስር ለስምንት፤ ምንም አይመዝንም። ሁለተኛ፣ እልፍኙ ፈርሶ መሬቱ ታርሷል፤ ጉድጓድ ያገኘ ገበሬ የለም። ዋሻ ቢኖር እንዲህ ዝም የሚለው ከአስር አንዴ ነው። ባይኖር አስሩንም ጊዜ። በሁለት እፍኝ ሽምብራ የደጃዝማቹ ዋሻ ተደፈነ።

የይሆናል ሒሳብ ይባላል አሉ። ታሪክ ሁሉ በዚህ ይመዘናል አሉ። እኔ ሳይጨርሱ ገብቶኛል። ፊደል በስድስት ወር፣ ይህ በአንድ ከሰዓት። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከሃይም ውስጥ መቆለፉ ለጀርመን ኪሳራ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 11

ዝናብ። ሲመሽ ልጆች የወረቀት ፋኖስ ይዘው እየዘመሩ በመስኮታችን ሥር አለፉ። በፈረስ የተቀመጠ ቅዱስ አላቸው፣ የሱ ቀን ነው አሉ። ክፍሉ ውስጥ አራት ነን። መስኮቱ እስከ ግማሽ ብቻ ይከፈታል፣ ጭንቅላት አያስወጣም፤ ሞክሬያለሁ።

ቀኑን ሙሉ በይሆናል ሒሳብ ዋልኩ። ከስሪላንካ የመጣው የታሚሉ ጎረቤቴ አይብ ጠፋ። እኔ በልቼ ቢሆን አፌ ከአስር ዘጠኙን ጊዜ ይሸታል። ሳልበላም ከአስር ዘጠኙን ጊዜ ይሸታል። ነፃ ወጣሁ። በጀርመንኛዬ ሳስረዳው ራሱን ይዞ ተኛ።

አስራ ስምንት ቀን።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 13

ጋ.መ. ጋ የቢሮውን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ዛሬ የማታ ፈረቃ ናቸው፣ ጠዋት አገኘኋቸው። አነበቡልኝ። ቢሮው ያላመነበት ዋና ምክንያት፣ ጥድ ውሃ አፈሳ ተካሄደ የሚል ሪፖርት የትም አልተገኘም ይላል። ከውጭ ከመጡ ሰዎችም፣ ከጋዜጣም።

ጋ.መ. ሳህኖቹን አወጡ። አፈሳው ሆኖ ከሆነ፣ ወሬው እዚህ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? መንገድ አለ? የለም አልኩ። ስልክ? የለም። የውጭ ሰው? አንዴ የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ ሰው መጥቶ በሽታ ይዞት ተመለሰ። መኪና? በልጅነቴ መኪና ያየሁት ሁለት ቀን ተጉዤ ነው አልኩ። እያጋነንኩ አይደለም፤ ለአንድ ጊዜ እውነት በቃኝ።

ደስ አላቸው። አፈሳ ከነበረ ዝምታው ከአስር አስር። ካልነበረም ከአስር አስር። አስር ለአስር። ዝም ማለት ማስረጃ የሚሆነው የሚናገር ሰው በነበረበት ቦታ ነው፤ የቢሮው ምክንያት አንዲት ሽምብራም አይመዝንም አሉ። ይህን ለጠበቃዬ በጀርመንኛ እንደሚጽፉላት ቃል ገቡ።

እኔ ደግሞ ጨምሬ ሦስቱን ደብዳቤዎች አወጣሁ። ራሴ አሰላሁት። እውነት ከሆነ ዘጠኝ፣ ካልሆነ ሦስት፤ አንዱ ሦስት እጥፍ። ሦስት በሦስት በሦስት፣ ሃያ ሰባት እጥፍ። የታል ዳኛው፣ አሁን ይምጣ አልኩ።

ጋ.መ. ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ዘረጉ። ሦስቱም ላይ ድልድይ። ሦስቱም ላይ ሰባት ወታደር። ሦስቱም ላይ ንክሻው፣ ቀኝ ክንድ።

ሰዎቹ ጥድ ውሃን አይተውት ያውቃሉ? አሉ። አያውቁም። ታሪኩን ከማን ሰሙ? መለስኩ። እንግዲህ ሦስት ምስክር የለህም አሉ፣ አንድ አለህ፣ እሱም አንተ ነህ። ቢሮ ደግሞ አምስት ወታደር ብለሃል። ቅዳሜ እንዴት እንደሳቅሁ ትዝ አለኝ። ዛሬ ሳቅ የለኝም።

ይህ ገና አላለቀም። ተነስቼ ስወጣ በር ላይ አስቆሙኝ። ፊቴን እያዩ፣ ቀስ ብለው፦

«በላይነህ፣ መኪና በማያውቀው መንደር፣ መንገድ በሌለበት፣ ድልድዩን ማን ሠራው? ለማን?»

በቅሎ ነው አልኩ። በቅሎ ወንዙን ትሻገራለች አሉ።

መንገድ የለም ካልኩ ቢሮው ይሸነፋል፣ ድልድዬም ይፈርሳል። ድልድዩን ካቆምኩ መንገድ ይኖራል፣ ቢሮውም ልክ ይሆናል። ያለቀሱልኝ ሴቶች ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆመዋል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 14

ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ። አንቺ አታጨበጭቢም፣ አታለቅሺም።

ድልድይ የለም። ወንዝ አለ፣ በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። የጓሯችን የእህል ጉድጓድ፣ ገብሱ አልቆ ባዶ የቀረ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከየቤቱ አንድ ወንድ ጽፎ ነበር። ከኛ ቤት የተጻፈው በላይነህ ነው። ወታደር መጣ ሲባል ዘልዬ ገባሁ። የኔ ዝላይ ያቺ ናት፤ ከቁመቴ አትበልጥም።

ስሜ ተጠራ። ዝም አልኩ። ሁለተኛ ተጠራ። አቤት የሚል ሰማሁ። ወንድሜ ታደለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ። እናቴ ታደለ ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ከዚያ በላይነህ ልጄ አለች። በኔ ስም አለቀሰችለት።

ከዚያ ኮቴ ወደ ጉድጓዱ መጣ። ዶሮ እንዳይገባበት ልክደነው የሚል የወንድሜ ድምፅ። ጠፍጣፋውን ድንጋይ ገፋው። ጨለመ።

በማግስቱ ነው የወጣሁት። እናቴ እንጀራ ሰጠችኝ፣ አላናገረችኝም። በሁለተኛው ሳምንት ሊቀ መንበሩ ገባው። ሲፈልገኝ በሱዳን በኩል ወጣሁ። ይህን ለቢሮው እንዴት ብዬ እናገራለሁ? ድልድዩን የሠራሁት መንገድ ላይ ነው፤ ሱዳን ሳልደርስ አልቆ ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 18። ከሰዓት

ፊደሌ ቢጣመም ወ/ሮ ጽጌ አይዩት።

ጴንጤዎቹ ጋሉስ ሰፈር አዳራሽ ተከራይተው ያመልካሉ። የማታ ትምህርታችንም እዚያው ነበር። ወ/ሮ ጽጌ የምስክር ወረቀትህን ዛሬ ከጉባኤው ፊት እሰጥሃለሁ ስላሉኝ ሄድኩ። ንጹሕ ልብስ ለብሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ። ጭብጨባ አይቀርብኝም።

ከኔ በፊት የምስክርነት ጊዜ ነበር። እነሱ ዘንድ ሰው ይነሳና ሕይወቱን፣ ኃጢአቱን በሕዝብ ፊት ይናገራል። ማንም አያቋርጠውም። አንድ ሰው ተነሳ። ወንድም ሳምሶን ይሉታል። ዚንድሊንገን ነው የሚሠራው፣ የሁለት ልጆች አባት። አይቼው አላውቅም።

ወታደር ነበርኩ አለ። ከአሥረኛ ክፍል ነው የታፈስኩት። ማንበብ ስለምችል መዝገቡን አሸከሙኝ። መኪና በማይገባበት አንድ ደጋ ሁለት ቀን በእግር ሄደን ሰው ሰበሰብን፤ የቦታው ስም ጠፍቶኛል። አንድ ቤት ስም ጠራሁ። ወጣት ልጅ አቤት አለ። እናቱ በሌላ ስም ጠራችውና ወዲያው አረመች። እኔ ሰምቻለሁ። ልጁ የተጠራው ሰው እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ቁጥር መሙላት ነበረብኝ፣ ደክሞኛል፣ ዝም ብዬ ምልክት አደረግሁ። ልጁ ከመሄዱ በፊት ጉድጓድ ልክደን፣ ዶሮ እንዳይገባበት ብሎ ለመነኝ። ፈቀድኩለት። ግቢው ውስጥ አንድም ዶሮ አልነበረም።

ጌታ ይቅር ይበለኝ አለ። በመዝገቡ የጻፍኩት ስም በላይነህ ነው አለ።

ሰዉ አሜን አለ። ወ/ሮ ጽጌ ወደኔ ዞሩ። ቀጥሎ የኔ ወረቀት ነበር። ወጣሁ። ሳልቀበል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 19

አልተነሳሁም። ታሚሉ ሻይ አመጣልኝ። አይቡን ማን እንደበላው ያውቃል ለካ።

ዶሮ አልነበረም አለ ሳምሶን። አዎ። በዚያ ዓመት በሽታ ጨርሷቸው ነበር። እኔ ከውስጥ ሆኜ አላሰብኩትም። ሦስት ዓመት አላሰብኩትም።

አሥር ቀን።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 21

የጀርመኖች የንስሐ ቀን ነው። ሁሉ ዝግ። ጋ.መ. ሥራ የላቸውም። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ጉድጓዱን፣ ድንጋዩን፣ አዳራሹን። ሳህን አላወጡም። እኔ ነኝ ሳህኖቹን ከቁም ሣጥኑ ያመጣሁት። መዝኑልኝ አልኩ።

ጠየቁኝ። ይህን ለማን ተናግረሃል? ለማንም። ለወ/ሮ ጽጌ? አልነገርኩም። በደብተር ጽፈህ ያየ? ደብተሩ ትራሴ ሥር ነው፣ ጎረቤቶቼ አማርኛ አያነቡም። ሰውየው ያውቅሃል? አያውቀኝም። እንዲመሰክርልህ ፈልጎ ነው? በሕይወት መኖሬን እንኳ አያውቅም።

እንግዲህ ስማ አሉ። ታሪክህ እውነት ሆኖ፣ ያ ወታደር እዚህ ከተማ ተገኝቶ፣ ተነስቶ ይህን ሊናገር የሚችልበት ዕድል ትንሽ ነው። ከሺህ አንድ በለው። ታሪክህ ውሸት ሆኖ ግን አንድ የማያውቅህ ሰው ያንኑ ስም፣ ያንኑ የእናት አፍ መሳት፣ ያንኑ የሌለ ዶሮ ሊናገር? ይህ ከሚሊዮንም አንድ አይሞላም። ትንሽነቱን አትይ፣ የባሰውን ትንሽ እይ። አንዲት ጠላት የሆነች አፍ፣ ሳትመካከር የተናገረች፣ ከመቶ ወዳጅ ደብዳቤ ትበልጣለች። ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ታሪክ ሳነብ እንዲህ ያለ ማስረጃ ገጥሞኝ አያውቅም አሉ።

ኩራት እየተሰማኝ እያለ ቀጠሉ። ግን የሚያረጋግጠው ጉድጓዱን ነው፣ ድልድዩን አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዘህ አትገባም።

ታደለስ? አልኳቸው። በሕይወት የመኖሩ ዕድል? ሽምብራውን ከሳህኑ ወደ ከረጢቱ መለሱ። እሱን እኔ አልቆጥርልህም፣ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ሄደህ ጠይቀው አሉ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 23። ከሰዓት 10 ሰዓት

ዚንድሊንገን ጣቢያ በር ላይ ቆምኩ። የፋብሪካው ፈረቃ ሲወጣ ሰው ጎረፈ። ሽታውን ለምጄዋለሁ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው። ሳምሶን ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ሰላም አልኩት። የአዳራሹ እንግዳ ነህ አይደል፣ ሳትባረክ ሄድክ አለኝ፣ እየሳቀ።

በላይነህ እባላለሁ አልኩት።

ሳቁ አልጠፋም መጀመሪያ። ብዙ በላይነህ አለ። ከዚያ፣ ዶሮ አልነበረንም አልኩት። ግድግዳውን ያዘ። ሰው ይገፋናል፣ እኛ ቆመናል። አንድ ባቡር ሄደ።

ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ልጠይቀው ይገባኝ ነበር፤ እኔ ዝም ያልኩት ከሱ ይበልጣል። አልጠየቅሁም። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ፍ/ቤቱን ነገርኩት። መጥተህ ያንኑ ድገመው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ለቢሮው ወታደር መሆኑን ተናግሯል፣ መዝገብ መያዙን ግን አልተናገረም። ሰው ሰብስበሃል ቢሉት የራሱ ወረቀት ምን እንደሚሆን አያውቅም። ሚስቱ አታውቅም ነበር፣ እሑድ ነው የሰማችው፣ ከዚያ ወዲህ ከልጆቹ ጋር ትተኛለች። ለሰው ሳይሆን ለጌታ ነው የተናዘዝኩት አለኝ። አትጨክንብኝ አለኝ። እጸልይበታለሁ አለና ሄደ። ከፊቴ ያለውን ባቡር ሳይሆን ሌላውን ያዘ፣ ወደ ቤቱ የማይወስደውን።

ስለ ታደለ አልጠየቅሁም። ከአፌ ደርሶ ተመለሰ። ካልጠየቅሁ ከአስር አምስት ጊዜ ይኖራል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 25

አቶ ወልዴ ሃይም ድረስ መጡ። ጋ.መ. ነግረዋቸው ነው፣ ወይም ወሬ ነው። ደብዳቤያችንን ልታወጣ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ? አላወጣሁም፣ እያሰብኩ ነው አልኩ። ስማችንን ፈርመንልህ፣ አሁን ዋሾ ልታደርገን? በመስቀል ያለቀስነው በምንህ ነው? እዚህ ድረስ ያነሳሳህ ያ በርሜል መዛኝ ነው አሉ። ሻይ ሰጠሁ፣ አልጠጡም።

አባቴ፣ ድልድዩ የለም አልኳቸው። ካለቀሱልኝ መካከል ለመጀመሪያው ሰው። ቁጭ አሉ። ከዚያ፣ «እንዲህ አድርገህ እንዴት ተናገርከው?» አሉኝ። ንዴት አይደለም። ድንቅ ብሏቸው ነው። ውዳሴ መሆኑ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ሳምንት እኮራበት ነበር።

ሲወጡ አቅፈውኛል። ግን ደብዳቤውን ተውልኝ፣ አትቅደደው ብለዋል። ፍ/ቤት ይዘኸው ግባ ማለታቸው አይደለም። ስማቸው ነው፣ ከምላስ ወጥቶ ወረቀት ላይ የሰፈረ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 27

ጠበቃዬ ቢሮ፣ ከአስተርጓሚ ጋር። ሁሉን ነገርኳት። ሲጋራዋን ለኮሰች፣ ረሳችው፣ ሌላ ለኮሰች። የምትናገረውን እያንዳንዷን ነገር አስተርጓሚው ቀስ አድርጎ አመጣልኝ። ቢሮው ቃልህን በጻፈበት ፕሮቶኮል ላይ ድልድይ አለ። በሁለት ቀን ጉድጓድ ብትል ዳኛው ሁለት ጊዜ ዋሸ ይላል። ሳምሶን ከመጣ ሌላ ነው። ካልመጣ ድልድዩን ከመተው መያዝ ይሻላል። እዚያው ሆና ለሳምሶን ደወለች፣ ስልክ አላነሳላትም። ወ/ሮ ጽጌም ለምኛቸው ቤቱ ሄደው ነበር፣ በር አልተከፈተላቸውም።

ከሷ ወጥቼ ጋ.መ. ጋ። ተራ በተራ መዘኑልኝ። ድልድዩን ይዤ ብገባ፣ ዳኛው ካርታ ካላየ፣ ከአስር ሦስት። ጉድጓዱን ከሳምሶን ጋር፣ ከአስር ስድስት። ጉድጓዱን ብቻዬን፣ ከአስር ሁለት። ሳምሶን ይመጣል ወይ አልኳቸው። ሰው መፍራቱ ሚዛን ላይ አይወጣም አሉ። ስለዚህ ዝም ብለህ ካሰላኸው ድልድዩ በአንድ ሽምብራ ይበልጣል።

እርስዎ ቢሆኑስ? አልኳቸው። ሒሳቡ የትኛው እንደሆነ ይነግርሃል፣ የትኛውን እንደምትሸከም አይነግርህም አሉ። ከዚያ በርሜል ሊመዝኑ ሄዱ።

ከጣቢያው ስልክ ለጠበቃዬ ደወልኩ። ባለኝ ጀርመንኛ። ሦስቱን ደብዳቤ አውጪ፣ ድልድይ የለም አልኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። በሁለተኛው ጊዜ ድምፄ ተስተካክሎ ነበር።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 28

የሌሊቱ ብርድ መስኮቱን በረዶ አለበሰው። ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። ለዳኛው ነው፣ አስተርጓሚው ያነብለታል። ሦስት ገጽ። ያልተጨመረበት። አራት ቦታ ላይ እጄ ሊያጋንን ፈልጎ ሠረዝኩት። የጉድጓዱን ጥልቀት ሁለት ክንድ ጨምሬ ነበር፣ ሠረዝኩት። አለቀስኩ የሚል ጽፌ ነበር፣ ሠረዝኩት፤ አላለቀስኩም።

የሚከብደው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በስሜ የሄደው ወንድሜ ነው፣ እኔ ሰምቼ ዝም አልኩ። ስምንት ቃል ነው። ቆጥሬዋለሁ። ከሰባት ወታደር ይከብዳል።

ነገ ዳኛው ላያምነኝ ይችላል። ከአስር ስምንት ጊዜ ላያምነኝ ይችላል። ደብተሬ፣ ይህን ያህል ትንሽ ዕድል ይዤ፣ ወሬ ሳልጨምርበት የገባሁበት ቦታ የለም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 29። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ለብሻለሁ። ሦስቱ ገጽ በኪሴ። ፍ/ቤቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ተነስተው ቆመዋል፣ አንዱ ክራቫቱን ሰጠኝ።

ታሚሉ ከመስኮቱ ጠራኝ። የሚጠብቅህ ሰው አለ በሚል ምልክት።

ሳምሶን ነው። ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ አጥሩ ጋ ቆሟል። የአምልኮ ሱፉን ለብሷል። ከአጠገቡ ሚስቱ አለች፣ ክንዱን ይዛዋለች። እንዳይሄድ ይሁን እንዳይወድቅ ከዚህ አይታይም። ወደ መስኮቶቹ ያያል፣ የትኛው የኔ እንደሆነ አያውቅም።

ከአስር ስድስት ሆነ ማለት ነው። ጋ.መ. ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን የማስበው ስለዚያ አይደለም። እስከ ፍ/ቤቱ አርባ ደቂቃ ነው፣ አንድ ባቡር ላይ፣ ጎን ለጎን። ዳኛው ፊት ከመቅረቤ በፊት ነው ስለ ታደለ የምጠይቀው። መጨረሻ ያየኸው የት ነው? የትኛው መኪና ላይ ተጫነ? በኔ ስም ሲጠሩት ምን ይል ነበር? የሚመልስልኝን ልስማው። ሞቷል ቢለኝም ልስማው።

እወርዳለሁ። ደብተሬ፣ አንቺን አልጋው ላይ ትቼሽ ሄድኩ።